መስኮት የበዛበት ሳሎን ውስጥ ስፒከር የት ይቀመጥ?

የእኔ ሳሎን ሦስት ግድግዳ እና አንድ መስታወት ነው። በግራ በኩል ያለው ጎን ከጥግ እስከ ጥግ የአልሙኒየም መስኮት ነው፤ ጫፉ ላይ ወደ በረንዳ የሚያስወጣ በር አለው። ቤቱን የተከራየነው በብርሃኑ ነበር። አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር (ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ የሚያወጣው ሳጥን) ያለው ሆም ቲያትር የገዛሁ ቀን ግን ያ ጎን ራስ ምታት ሆነብኝ። ሊገጥምልኝ የመጣው ባለሙያ ሁለቱንም የኋላ ስፒከሮች ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሰቅሎ ሄደ። «ያኛው ወገን መስታወት ነው፤ ምን ላይ ልስቀለው?» አለኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ሁለት ወር ሙሉ ከኋላ በግራ መምጣት ያለበት ድምፅ ሁሉ ከቀኝ ሲመጣ ኖረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ቀያይሬ ሞክሬያለሁ። የጓደኞቼንም ቤት አብሬያቸው ገጥሜያለሁ። የሞከርኳቸውን አማራጮች እዚህ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የቱ ለየትኛው ቤት እንደሚሻል እነግራችኋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። የድምፁን ጥራት ከስፒከሩ ዋጋ ይልቅ የሚወስነው ቴሌቪዥኑ፣ ሶፋው እና መስኮቱ እርስ በርስ ያላቸው አቀማመጥ ነው። እሱ ከተስተካከለ መካከለኛ ዕቃም ደስ ይላል።

መስታወት ምን ያደርጋል?

ቀጫጭን ድምፆች፣ ማለትም የ«ሰ» እና የ«ሸ» ፉጨት፣ የጸናጽል ሽውታ፣ የብርጭቆ መሰበር፣ መስታወት ላይ ሲያርፉ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ተመልሰው ይመጣሉ። ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከፊሉ እዚያው ይቀራል፣ ከፊሉም ወደ ውጭ ይወጣል። ተራ የመስኮት መስታወት ወፍራም በሆነው በ125 ኸርዝ አካባቢ ከሚደርሰው ድምፅ ሲሶውን ያህል ይውጣል። ቀጭን በሆነው በ4000 ኸርዝ ግን የሚውጠው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። መስታወት በበዛበት ክፍል ንግግር የሚሾለውና ቤዝ የሚሳሳው ለዚህ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ወፍራም መጋረጃ ሥራው የዚህ ተቃራኒ ነው። ከፋይ የመሰለ ከባድ ጨርቅ፣ እጥፋቱ በዝቶ ሲሰቀል፣ ከቀጭኑና ከመካከለኛው ድምፅ ከግማሽ በላዩን ይውጣል። ቤዙን ግን ብዙም አይነካውም። ስለዚህ መስታወትና ወፍራም መጋረጃ አንድ ላይ ሲሆኑ መጥፎ ጥንድ አይደሉም። እጥፋቱ ወሳኝ ነው። መስኮቱ 3 ሜትር ከሆነ 6 ሜትር ጨርቅ ይፈልጋል። ተወጥሮ የተሰቀለ መጋረጃ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። ቀን ቀን የምንዘረጋው ስስ ነጩ መጋረጃ ደግሞ ለድምፅ የለም ማለት ይቻላል።

ቴሌቪዥኑ በየትኛው ግድግዳ?

ሦስት አማራጭ አለ፤ ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ።

መጀመሪያ፣ መስኮቱ ከሶፋው ጀርባ የሚሆንበት። ብዙ ቤት የሚታየው ይሄ ነው፤ ሶፋን ግድግዳ ማስጠጋት ልማዳችን ነውና። ጥቅሙ ሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ነጻ መሆናቸው ነው። የኋላ ስፒከሮችን ብሎኬት ላይ በፊሸር አጥብቆ መስቀል ይቻላል፤ ግራና ቀኙም እኩል ይሆናል። ጉዳቱ ጭንቅላታችሁ ከመስታወቱ ጋር መጣበቁ ነው። ከፊት የመጣው ድምፅ ጆሯችሁን አልፎ መስታወቱን ይመታና ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመለሳል። ከመጀመሪያው ድምፅ ጋር ሲደባለቅ አንዳንዱን ያጠፋል፣ አንዳንዱን ያጎላል። ንግግሩ እንስራ ውስጥ የተነገረ ይመስላል። ቀን ላይ ደግሞ የመስኮቱ ብርሃን ስክሪኑ ላይ ያርፋል። መፍትሔው ሶፋውን ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መሳብና ከኋላው ወፍራም መጋረጃ መዝጋት ነው። አያት አካባቢ ያለ ጓደኛዬ ሶፋውን ለመሳብ ከባለቤቱ ጋር ሳምንት ተከራክሯል። በመጨረሻ ከሶፋው ጀርባ ጠባብ ረጅም ጠረጴዛ አስገብተው አበባ ደረደሩበት። ክፍተቱ ምክንያት አገኘ፤ ድምፁም ተስተካከለ።

ሁለተኛው፣ ቴሌቪዥኑ መስኮቱ ፊት የሚቆምበት። ሰው ሁሉ ይሄን ይፈራዋል፤ ከድምፅ አንጻር ግን እንደሚፈራው አይደለም። ቀጭን ድምፅ ከስፒከሩ የሚወጣው ወደ ፊት ስለሆነ ከጀርባው ያለው መስታወት ብዙ አያገኘውም። ቤዙ ግን ዞሮ ያገኘዋል። ስለዚህ የፊት ስፒከሮችን ከመስታወቱ 30 ሴንቲ ሜትር እና ከዚያ በላይ ማራቅ ያስፈልጋል። ትልቁ ችግር ዓይን ነው። ቀን ላይ ከስክሪኑ ጀርባ የሚመጣ ብርሃን ያደክማል። መስኮቱን ለመክፈትና ለመዝጋትም በቡፌው ላይ መንጠልጠል ይመጣል። ማታ ማታ ብቻ ለሚያይ ሰው፣ በተለይ መስኮቱ ትንሽ ከሆነ፣ ይሄ ጥሩ ምርጫ ነው።

ሦስተኛው፣ መስኮቱ በጎን የሚሆንበት። የእኔ ቤት ይሄ ነው። ከሦስቱም የምመርጠው ይሄን ነው። ብርሃኑ ስክሪኑንም ዓይንንም በቀጥታ አይመታም። ሶፋውን ማስጠጋትም ማራቅም ይቻላል። ችግሩ ግራና ቀኙ የተለያየ መሆኑ ነው፤ በአንድ በኩል መስታወት፣ በሌላው ብሎኬት። ከግራ የፊት ስፒከር የወጣው ድምፅ መስታወቱን ነጥሮ ሲመጣ የተዋናዩ ድምፅ ከመሀል ወደ መስኮቱ ያዘነበለ ይመስላል። ይሄን ለማስተካከል መስታወቱን በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም። አንድ ሰው የእጅ መስታወት ይዞ በመስኮቱ ላይ ቀስ እያለ ያንሸራትተው። እናንተ መደበኛ ቦታችሁ ላይ ተቀመጡ። የፊት ስፒከሩ በእጅ መስታወቱ ውስጥ የታያችሁ ቦታ ድምፁ የሚነጥርበት ቦታ ነው። መጋረጃው እዚያ ጋ ከተዘረጋ ሌላው ክፍት ቢሆንም ግድ የለም። ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ተመሳሳዩን ነጥብ ፈልጋችሁ የመጻሕፍት መደርደሪያ ወይም ወፍራም የግድግዳ ምንጣፍ አድርጉበት። ሁለቱ ጎኖች ይቀራረባሉ።

መስታወቱ ወገን ያለው የኋላ ስፒከር

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ትክክለኛው ቦታ የት ነው? የሰዓት ገጽ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ እናንተም መሀሉ ላይ ናችሁ እንበል። ቴሌቪዥኑና የመሀሉ ስፒከር 12 ቁጥር ላይ ናቸው። የፊት ስፒከሮች 11 እና 1 ቁጥር ላይ ይሆናሉ፤ ይሄ 30 ዲግሪ ነው። የኋላ የምንላቸው ሁለቱ ግን እውነቱን ለመናገር የጎን ናቸው። ቦታቸው 110 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ከ4 ቁጥር ትንሽ ቀደም ብሎና ከ8 ቁጥር ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። በሜትር ሲለካ፣ ስፒከሩ ከእናንተ በጎን 1.5 ሜትር ከራቀ ከጆሯችሁ መስመር ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሆናል። ከፍታው ከጆሮ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ጥሩ ነው። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መጅሊስ ላይ የሚቀመጥ ቤተሰብ ግን ጆሮው ዝቅ ይላል፤ ስፒከሮቹም አብረው መውረድ አለባቸው። ይሄን ሳይለካ የሚሰቅል ሰው ብዙ ነው።

እንግዲህ ያ ነጥብ መስታወቱ ላይ ቢያርፍስ?

እኔ የማስቀድመው ስታንድ ነው። ትክክለኛው ማዕዘን ላይ በስታንድ የቆመ ስፒከር፣ ከጀርባው መስታወት ቢኖርም፣ የተሳሳተ ማዕዘን ላይ ጠንካራ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ይበልጣል። ስፒከሩ ፊቱን ወደ እናንተ፣ ጀርባውን ወደ መስኮቱ ስለሚሰጥ መስታወቱ የሚደርሰው ቀጭን ድምፅ ትንሽ ነው። ከመስታወቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ መጋረጃውም በሁለቱ መካከል ይውረድ። ስፒከሩ ከመጋረጃው ጀርባ ከገባ ቀጭኑ ድምፅ እዚያው ይቀራል። ስታንድ ለመግዛት የግድ የስፒከር ሱቅ መሄድ አያስፈልግም። ብየዳ ቤት ልኬት ሰጥታችሁ ማሠራት ትችላላችሁ፤ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት፣ ከታች በጎን 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ። ቱቦው ውስጥ ደረቅ አሸዋ አስሞሉ። ብረቱ አይጮህም፤ ክብደቱም ልጆች ሲሮጡ እንዳይወድቅ ይረዳል። መስኮታችሁ ተንሸራታች ከሆነ ችግር የለም። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ግን ስታንዱን ከማሠራታችሁ በፊት መስኮቱን ከፍታችሁ የት ድረስ እንደሚመጣ እዩ።

ሁለተኛው አማራጭ በመስኮቱ ጫፍና በግድግዳው ጥግ መካከል ያለች ጠባብ ቦታ ናት። ብዙ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እዚያ ጋ ኮለን አለ። ቦታዋ ወደ 8 ወይም ወደ 4 ቁጥር ከቀረበች እጅግ ጥሩ ናት፤ ወለል አትይዝም፣ ጠንካራም ናት። ኮለን ግን ኮንክሪት ነው። ተራ ድሪል አይበሳውም፣ ሀመር ድሪል ያስፈልጋል። ብረት ካጋጠማችሁ ቦታ ቀይሩ እንጂ አትታገሉ።

ሁለቱንም ወደ ኋለኛው ግድግዳ ማዞር ሌላው መንገድ ነው። ሶፋው ከግድግዳው አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ከራቀ ይሄ ይሠራል፤ ግራና ቀኝ እኩል ይርቃሉ፣ መስታወቱንም ጨርሶ እንረሳዋለን። ድምፁ ከጎን ሳይሆን ከኋላ መምጣቱ ግን ይታወቃል። ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ከሆነ ስፒከሮቹን ከሶፋው ግራና ቀኝ ጫፍ ውጭ፣ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ እርስ በርስ እንዲተያዩ አዙሯቸው። ጆሮ ሥር እንዲጮሁ አታድርጉ። ኤል ሶፋ ያላችሁ ደግሞ አንዱ ክንፍ ከስፒከሩ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ከሌላው ድምፅ ይልቅ ያንን ስፒከር ነው የሚሰማው። ስፒከሩን ከፍ አድርጋችሁ ከጭንቅላቱ በላይ እንዲያልፍ አድርጉ።

ኮርኒስ ላይ መስቀልን የምመርጠው ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ነው። ድምፁ ከጎን መሆኑ ቀርቶ ከላይ ይሆናል። ቺፕውድ ኮርኒስ ከሆነ ደግሞ ሞራሌው ያለበትን ቦታ አግኝቶ ማሰር የግድ ነው። ካልሆነ ከጊዜ በኋላ ይወድቃል፤ እስኪወድቅም ይንቀጠቀጣል።

ስፒከሩን በመጋረጃው ዘንግ ጫፍ ላይ ወይም በመስኮቱ ደፍ ላይ የሚያስቀምጥ አይቻለሁ። ሁለቱንም አትሞክሩ። ደፉ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ፀሐዩም በቀጥታ ያገኘዋል። የአዲስ አበባ ፀሐይ ጥቁር ሳጥን ላይ ሲያርፍ ቀላል አይደለም። በረንዳው በር አጠገብ ያለ ስፒከር ደግሞ ክረምት ሲመጣ ዝናብ እንዳይረጨው ማሰብ ነው። ውጭ አገር የምትኖሩ፣ ከመስኮቱ ሥር ማሞቂያ ካለ ስታንዱን ፊት ለፊቱ አታቁሙ። ድርብ መስታወትም ቢሆን ቀጭኑን ድምፅ እንደ ነጠላው ይመልሳል፤ መጋረጃው አይቀርላችሁም።

5.1 ወይስ 7.1?

መስኮት ባለበት መካከለኛ ሳሎን 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር) ይበቃል። በ7.1 የሚጨመሩት ሁለት ስፒከሮች ከ135 እስከ 150 ዲግሪ፣ ማለትም 5 እና 7 ቁጥር አካባቢ ነው የሚቆሙት። ለዚህ ከሶፋው ኋላ ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል። ቦታው ከሌለ ገንዘቡን መጋረጃ ላይ አውሉት። ይሄን የምለው ከልቤ ነው።

ሳውንድባርስ?

ከሳውንድባሮች (ከቴሌቪዥኑ ሥር ከሚቀመጡት ረጃጅም ነጠላ ስፒከሮች) ውስጥ ድምፁን ወደ ጎን ግድግዳዎች ልከው በመንጠር ዙሪያውን የሚያስመስሉ አሉ። እዚህ ጋ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ለእነሱ ባዶ መስታወት ጥሩ ግድግዳ ነው። ወፍራም መጋረጃ ግን ድምፁን ይበላባቸዋል። ሌላው ጎን ወደ ኮሪደር ወይም ወደ ኩሽና ክፍት ከሆነ በዚያ በኩል የሚነጥርበት ነገር የለም፤ ግማሹ ይቀራል። ወደ ላይ የሚረጩትም ጠፍጣፋና ጠንካራ ኮርኒስ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሳውንድባር የምትገዙ ከሆነ የራሳቸው የኋላ ስፒከሮች ያሏቸውን ምረጡ። መቆፈር ለማይፈቀድለት ተከራይ ይሄ ጥሩ መፍትሔ ነው። ገመድ አልባ ሲባል ግን የድምፅ ገመድ የለውም ማለት ነው። የኋላ ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ሶኬት ይፈልጋል፤ መስኮት ሥር ደግሞ ሶኬት ብዙ ጊዜ የለም። ከመግዛታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ሶኬቶቻችሁን ቁጠሩ።

ሳብዉፈር እና ገመድ

ሳብዉፈሩ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ እንዲይዝ ሲደረግ ጆሮ ከየት እንደመጣ አይለየውም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፤ መስታወቱ ጋ ግን አይሁን። እዚያ ከሆነ የአልሙኒየሙ ክፈፍ ይንጫጫል። ቤዝ ያለው ሙዚቃ ከፍታችሁ እጃችሁን ክፈፉ ላይ አድርጉ፤ የሚንቀጠቀጠውን ቦታ ታገኙታላችሁ። ያረጀውን የመስኮት ጎማ መቀየር ብዙውን ያስቆማል። የሳብዉፈሩን ቦታ ለማግኘት ደግሞ ሳብዉፈሩን ራሱን ሶፋው ላይ እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ በወለሉ ዙሪያ ጎንበስ ብላችሁ እየዞራችሁ ስሙ። ቤዙ ጥርት ብሎ፣ ሳያጉረመርም የተሰማበት ቦታ የእሱ ቦታ ነው። ጥግ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ይጨምራል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ታች ያለው ጎረቤት በእኩል ይካፈለዋል።

ለኋላ ስፒከሮች 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ዘር ገመድ ለተራ ሳሎን በቂ ነው። በበረንዳው በር ደፍ ላይ አታሳልፉት፤ ሰው ይረግጠዋል፣ በሩም ይቆርጠዋል። በበሩ ክፈፍ ላይ ወደ ላይ አዙሩት፣ ወይም በሌላኛው ግድግዳ በኩል አምጡት። ቀይና ጥቁሩ በሁሉም ስፒከሮች ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል፤ ምክንያቱን ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

መጋረጃው ተዘግቶ ይለካ

አምፕሊፋየራችሁ (አንዳንዱ ሪሲቨር የሚለው፤ የዲሹን ማለቴ አይደለም) ማይክሮፎን ይዞ ከመጣ ተጠቀሙበት። በማይክሮፎኑ ክፍሉን ለክቶ ድምፁን የሚያስተካክለውን ሥርዓት ያማሃ ዋይፓኦ ይለዋል፣ ዴኖን ኦዲሲ ይለዋል፤ ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። ማይክሮፎኑን ጆሯችሁ በሚሆንበት ከፍታ አቁሙት እንጂ ሶፋው ላይ አትጣሉት። መስኮቱን ዝጉ፤ የውጭ ድምፅ ይረብሸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጋረጃውን ፊልም ስታዩ እንደሚሆነው አድርጉት። መጋረጃው ክፍት ሆኖ የተለካ ቤት ማታ ሲዘጋ ይደበዝዛል። ተዘግቶ የተለካው ደግሞ ቀን ሲከፈት ይጮኻል። ሁለት መቼት የሚያስቀምጥ ዕቃ ካላችሁ አንዱን ለቀን፣ አንዱን ለማታ ለኩ።

ማይክሮፎን ከሌለው ሜትር ይበቃል። ከመቀመጫችሁ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ያለውን ርቀት ለክታችሁ አስገቡ። ድምፅ 34 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ አንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የሩብ ሜትር ስህተት እንኳ ለውጥ አለው። ቀጥሎ የመሞከሪያውን ሹሹታ እያሰማችሁ ሁሉም እኩል እስኪሰሙ አስተካክሉ። የመስታወቱ ወገን ስፒከር ጎልቶ ከተሰማችሁ ድምፁን ከመቀነሳችሁ በፊት መጋረጃውን እዩት፤ እጥፋቱ ተወጥሮ ሊሆን ይችላል። ንግግር አልሰማ ሲል የመሀሉን ስፒከር ብቻ ከፍ ማድረግም እንደዚያው ነው፤ ክፍሉ እየነጠረ ከሆነ የሚጨመረው ጩኸት ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ስታንዱ የቆመበትን ቦታ ወለሉ ላይ በትንሽ ፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ቤት ሲጸዳ መነሳቱ አይቀርም። ቡና ሲፈላና እጣን ሲጨስ መስኮቱ ይከፈታል፤ ያን ጊዜም ይገፋል። እኔ ቤት አራት ነጭ ምልክቶች ሴራሚኩ ላይ አሉ። ማን እንዳንቀሳቀሰው ሳልጠይቅ መልሼ አቆመዋለሁ።